ክፉ ቀን ሲመጣ ጥሩ ቴራፒስት እንዴት ይፈለጋል? ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ

ሰው ቴራፒስት የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ ሲያልቅ ነው። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ሲያቅት፣ ስልክ ማንሳት እንኳ ሲከብድ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሙያ መምረጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ጋ ይሄዳል። ካልተስማማው ደግሞ "ቴራፒ ለእኔ አይሆንም" ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ያልሆነው ቴራፒው ሳይሆን ያ ባለሙያ ወይም ያ ዘዴ ሊሆን ይችላልና።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። መራጮቹ እናንተ ናችሁ። መጠየቅ፣ ማወዳደር፣ "አልተመቸኝም" ማለት፣ መቀየር ትችላላችሁ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ከሁሉ በፊት፦ ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ

ራሳችሁን ስለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለጊዜው ተዉት። አሁን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ወይም ባላችሁበት አገር የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ። ለምታምኑት ሰው በግልጽ ቃል ንገሩ። "ደክሞኛል" ብቻ ብትሉት ላይገባው ይችላል። "ራሴን ለማጥፋት እያሰብኩ ነው" በሉት። ብቻችሁን አትደሩ። ራሳችሁን ልትጎዱበት የምትችሉትን ነገር ሌላ ሰው ከቤት ያውጣላችሁ። ያ ከባድ ግፊት ብዙ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ነው። በዚያች ሰዓት አደገኛው ነገር ከእጅ መራቁ ሕይወት ያተርፋል።

ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከጀመራችሁ፣ ወይም ለቀናት ሳትተኙ ልክ ያጣ ጉልበት ከተሰማችሁም መጀመሪያ የሚታየው የአእምሮ ሐኪም ነው።

ደረጃ 1፦ የሚያማችሁን ጻፉት

ወረቀት ወይም ስልካችሁን ያዙና ሦስት ጥያቄ መልሱ። ምን እየሆንኩ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን እንዲለወጥልኝ እፈልጋለሁ? አጭር ይሁን። ማንም አያርመውም።

"ጭንቀት አለብኝ" ማለት ብቻውን ብዙ አይናገርም። "እናቴ ካረፈች ወዲህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቃሁ እስኪነጋ አፈጣለሁ። ሥራ ቦታ ሰው ሲያናግረኝ እንባዬ ይመጣል። ከምንም በላይ መተኛት እፈልጋለሁ" የሚለው ግን ለባለሙያውም ለእናንተም ብዙ ይናገራል። ይህችን ጽሑፍ አትጣሏት። ስልክ ስትደውሉ ታነቧታላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዛችኋት ትገባላችሁ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለውጥ መኖሩን ታዩባታላችሁ።

ሐዘን፣ ፍቺ፣ ከሥራ መባረር በሽታ አይደሉም። በእነዚህ ምክንያት ማልቀስም በሽታ አይደለም። ግን እርዳታ ለመፈለግ የግድ መታመም የለባችሁም። ነገሩ ከሐዘን አልፎ እንደሆነ የምትጠራጠሩ ከሆነ በጊዜ መለካት ይረዳል። የወረደ ስሜት ወይም የምትወዱትን ነገር ሁሉ መጥላት ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየዕለቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከቆየ ሐኪሞች ድብርትን ማሰብ ይጀምራሉ። ፒኤችኪው-9 የሚባል በብዙ አገር ጤና ተቋማት የሚሠራበት መጠይቅ አለ። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ይጠይቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት ተገቢ ነው። መጠይቁ ብቻውን "ድብርት አለባችሁ" አይልም፣ በር ግን ይከፍታል። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቅ ነው። እዚያ ላይ "አዎ" ካላችሁ ጠቅላላ ነጥቡን አትዩ፣ ቶሎ ለሰው ንገሩ።

አካላችሁንም አስመርምሩ። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድብርት ይመስላሉ። ጥቂት የደም ምርመራ ብዙ ወር የሚፈጅ መንከራተት ሊያስቀር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ማን ማን እንደሆነ ለዩ

ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዝዛል። አንዳንዶቹ ቴራፒም ይሰጣሉ፣ ብዙዎቹ ግን የመድኃኒት ክትትሉ ላይ ያተኩራሉ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በሥነ ልቦና ከፍተኛ ትምህርት የተማረ፣ የሚመረምርና በንግግር የሚያክም ባለሙያ ነው። በአብዛኛው አገር መድኃኒት አያዝዝም። ካውንስለርና በሙያው የሠለጠነ ሶሻል ወርከርም ጥሩ ቴራፒ ሊሰጡ ይችላሉ።

ስሙን ብቻ አትመኑ። "ቴራፒስት" ወይም "አማካሪ" የሚለውን መጠሪያ በብዙ ቦታ ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ምን ተማረ? የት ተመዘገበ፣ ፈቃዱን ማን ሰጠው? የእናንተን ዓይነት ችግር ስንት ጊዜ አይቷል? ላይፍ ኮች፣ አነቃቂ ተናጋሪ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ለሌላ ነገር ይጠቅሙ ይሆናል። ሐዘን ሲደቁሳችሁ ወይም ድንጋጤ ሲያንቃችሁ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። የሃይማኖት አባትም ትልቅ ድጋፍ ሊሆኗችሁ ይችላሉ። እሳቸው ጋ መሄዳችሁ ቴራፒስት ከማየት አይከለክላችሁም፣ ቴራፒስት ማየታችሁም እሳቸውን አያስተዋችሁም።

ደረጃ 3፦ ዘዴው መቼ ወሳኝ እንደሆነ እወቁ

ይህን ክፍል አላስረዝምም። የቴራፒ ዓይነቶችን ሁሉ ማጥናት የእናንተ ሥራ አይደለም።

ለአንዳንድ ችግር ዘዴው ወሳኝ ነው። ደጋግሞ መታጠብ፣ ደጋግሞ መፈተሽ፣ ከአእምሮ አልወጣ የሚል ሐሳብ ካለ (ኦሲዲ ይባላል) የሚመከረው ሰውየውን የሚፈራው ነገር ፊት ቀስ በቀስ እያቀረበ ድግግሞሹን የሚያስቆም ቴራፒ ነው። ዝም ብሎ ማውራት እዚህ ላይ ብዙም አይፈይድም። ድንገት ልብ እየመታ "ልሞት ነው" የሚያሰኝ ድንጋጤ ካለ፣ ሳይካትሪስቱ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካስጀመረው ሥራ ያደገው ሲቢቲ የሚባል የቴራፒ ዘዴ ጥሩ ውጤት አለው። ሲቢቲ በሐሳብ፣ በስሜትና በድርጊት መካከል ያለውን ሰንሰለት ይዞ ይሠራል፣ በየሳምንቱም የቤት ሥራ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ከጦርነት፣ ከአደጋ ወይም ከጥቃት በኋላ ትዝታው እየመጣ ለሚያሠቃየው ሰው በአሰቃቂ ገጠመኝ ላይ ያተኮረ ሲቢቲ፣ ወይም ሳይኮሎጂስቷ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀችው ኢኤምዲአር (ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን ግራና ቀኝ በማንቀሳቀስ የሚሠራ ቴራፒ) ይመከራል። ስለዚህ ችግራችሁ ከእነዚህ አንዱ ከመሰላችሁ "በዚህ ዘዴ ሠልጥነዋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለሐዘን፣ ለመለያየት፣ ለኑሮ ጫና፣ ለብቸኝነት ግን ከዘዴው ስም ይልቅ ሰውየው ይበልጣል። ደረጃ 7 ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ትዳር ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ የጥንዶች ቴራፒ የመጀመሪያው በር አይደለም። የሚፈራ ሰው በሚፈራው ሰው ፊት እውነቱን መናገር አይችልም። መጀመሪያ ለብቻ፣ ደኅንነትን በሚያስቀድም ባለሙያ ዘንድ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ሦስት ስም አግኙ

ሃያ አያስፈልግም። ሦስት ይበቃል። የምታምኑትን ሐኪም ጠይቁ። የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። የሳይኮሎጂስቶች ወይም የሳይካትሪስቶች የሙያ ማኅበር ካለ የአባላቱን ዝርዝር ፈልጉ። መሥሪያ ቤታችሁ ለሠራተኛ የምክር አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ አጣሩ። ሳይኮሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንዶቹ ክሊኒክ አላቸው። እዚያ የሚያዩዋችሁ በመመረቅ ላይ ያሉ፣ በመምህር የሚታገዙ ሠልጣኞች ናቸው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ትጋታቸውም ብዙ ጊዜ ደስ ይላል።

ጓደኛችሁ "የእኔ ቴራፒስት ጎበዝ ናት" ካለች ጥሩ ፍንጭ ነው። ነገር ግን በቀጠሮው ላይ ስለዚያችው ጓደኛችሁ ብዙ የምታወሩ ከሆነ ያችኑ ቴራፒስት ማየት ለሁለታችሁም አይበጅም፤ ቴራፒስቷ የምታውቃቸውን ሌሎች ባለሙያዎች ስም እንድትሰጥ ጠይቁ። ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ቴራፒስት ጋ አትሂዱ፤ ደግ ሰው ቢሆንም።

ቋንቋን አቅልላችሁ አትዩት። በምታለቅሱበት ቋንቋ የሚሰማችሁ ሰው ፈልጉ። ከአገራችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሰውየው በአካል ሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ በቪዲዮ ማግኘት ይቻል ይሆናል፣ ባላችሁበት ቦታ እንዲሠራ ፈቃድ እንዳለው ግን ጠይቁ። አስተርጓሚ የግድ ከሆነ ቤተሰብ፣ በተለይም ልጅ፣ አስተርጓሚ አይሁን። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ሰው ከራሱ ማኅበረሰብ የወጣ ባለሙያ ፊት ይበልጥ ያፍራል፣ "ወሬው ይደርሳል" ብሎ ይሠጋል። ያም ሊከበር የሚገባው ስሜት ነው። የሴት ወይም የወንድ ቴራፒስት መምረጥም ምክንያት አይጠየቅበትም።

ደረጃ 5፦ ደውሉ፣ ጠይቁ

ይቺ የስልክ ጥሪ ብዙ ነገር ትወስናለች። 10 ደቂቃ ትበቃለች። መናገር ከከበዳችሁ ጽፋችሁ ላኩ፣ ወይም የቅርብ ሰው ይደውልላችሁ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"ጤና ይስጥልኝ። ቴራፒስት እየፈለግኩ ነው። ከፍቺ በኋላ ስድስት ወር ሆኖኛል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሥራዬ እየተበላሸ ነው። ቀጠሮ ከመያዜ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ?"

ከዚያ ትምህርታቸውንና ፈቃዳቸውን፣ እንዲህ ያለ ችግር ከዚህ በፊት አይተው እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ዋጋውንና ቀጠሮ ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ "እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን?" እኔ ከሁሉም ይቺን እወዳታለሁ። ጥሩ ባለሙያ ትደሰትባታለች። "በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀጠሮዎች ግብ እናወጣለን፣ እንቅልፍዎን እንከታተላለን፣ በየተወሰነ ጊዜ ቆም ብለን እናያለን" የሚል ዓይነት መልስ ትሰጣችኋለች። "ዝም ብለው ይምጡ፣ ያዩታል" ከተባላችሁ ወይም ጥያቄያችሁ እንደ ድፍረት ከተቆጠረ ወደ ሁለተኛው ስም እለፉ። "በሦስት ቀጠሮ ፈውሼ እለቅዎታለሁ" ካሏችሁም እለፉ። በዚህ ሥራ ዋስትና የሚሰጥ ሰው አይታመንም።

ድምፃቸውንም አዳምጡ። ተቻኩለው ነው? ሰምተዋችኋል? ከስልኩ በኋላ ትንሽ ቀለል ካላችሁ እሱ ራሱ መረጃ ነው።

ገንዘብ ካጠረ

አትፈሩ፣ በግልጽ አንሡት። ብዙ ባለሙያዎች እንደ ሰው አቅም ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። በየሳምንቱ ካልተቻለ በየ15 ቀኑ መሄድ ይቻላል። የቡድን ቴራፒ ርካሽ ነው፣ ለሐዘንና ለሱስ ደግሞ የራሱ ኃይል አለው፤ የእናንተን ስቃይ ከሌላ አፍ ትሰሙታላችሁና።

በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጡትን ድጋፍም አትናቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም ፕላስ የተባለ 5 ቀጠሮ ብቻ ያለው ፕሮግራም አዘጋጅቷል። የሚሰጡት የሠለጠኑና ክትትል የሚደረግላቸው ሰዎች ናቸው፣ የግድ ሳይኮሎጂስት አይደሉም። ዚምባብዌ ውስጥ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያማክሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት አያቶቹ ያማከሯቸው ሰዎች የድብርት ምልክት በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ሙሉ ቴራፒ አቅማችሁን ከበለጠ በአቅራቢያችሁ እንዲህ ያለ አገልግሎት ካለ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ጥያቄ ይበዛዋል፦ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጠጥ፣ ራስን ስለማጥፋት። የመጨረሻውን የሚጠይቁት ሁሉንም ሰው ነው፣ አትደንግጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር የለባችሁም። "እዚህ ላይ ገና አልደረስኩም" በቂ መልስ ነው።

ስለ ምሥጢር እነሱ ካላነሡት እናንተ አንሡት። የምትሉት ነገር በምሥጢር ይያዛል፣ ወሰን ግን አለው። ሕይወታችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ጠይቁ። በቪዲዮ ከሆነ ደግሞ እናንተም በሩ የሚዘጋበት ክፍልና ማዳመጫ አዘጋጁ።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ድካም ወይም ሆድ መባስ ያለ ነው። ከተቻለ ከቀጠሮው ቀጥሎ አስቸኳይ ነገር አትያዙ።

ደረጃ 7፦ ከሦስት አራት ቀጠሮ በኋላ መዝኑ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። በቴራፒ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ነገር አለ። በባለሙያውና በታካሚው መካከል ያለው መግባባት ጥሩ ሲሆን ውጤቱም የተሻለ ይሆናል፣ ዘዴው ምንም ይሁን ምን። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን መግባባት በሦስት ከፈለው። በግቡ መስማማት፣ በሥራው መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። እኔ ወደ ሦስት ጥያቄ ልቀይራቸው።

የምንሠራው እኔን በሚያሳስበኝ ነገር ላይ ነው? እናንተ እንቅልፍ አጥታችሁ መጥታችሁ ባለሙያው አራተኛ ቀጠሮ ላይም ስለ አባታችሁ ብቻ የሚጠይቃችሁ ከሆነ "ይሄ ከእንቅልፌ ጋር እንዴት ይገናኛል?" በሉት። ግንኙነት ሊኖረው ይችላል። ካለው ያስረዳችሁ።

የምናደርገው ነገር ትርጉም ይሰጠኛል? የቤት ሥራ ተሰጥቷችሁ ለምን እንደሆነ ካልገባችሁ አትሠሩትም። ያ ስንፍና አይደለም። ጠይቁ።

እውነቱን መናገር እችላለሁ? ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች። ከቀጠሮ ወጥታችሁ "ያን ነገር ደበቅኩት" ካላችሁ ለምን እንደደበቃችሁ አስቡ። ገና ስላልለመዳችሁት ከሆነ ጊዜ ስጡት። ይፈርድብኛል፣ ይቆጣኛል፣ ያንቋሽሸኛል ብላችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለት ዓይነት አለመመቸት አለ፣ ለይታችሁ እወቋቸው። አንደኛው የእውነት ሕመም ነው። ስትሸሹት የኖራችሁትን ነገር ስትነኩት ያማል፣ ግን ከእናንተ ጎን ያለ ሰው እንዳለ ይሰማችኋል። ሁለተኛው የመናቅ ሕመም ነው። ትንሽ ሆናችሁ፣ አፍራችሁ፣ ራሳችሁን እየወቀሳችሁ ትወጣላችሁ፣ የሚቀጥለው ቀን ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያውን ታገሡት፣ ሁለተኛውን አትታገሡት።

አንዳንድ ነገር ግን ሦስት ቀጠሮም አይጠበቅበትም። ቴራፒስቱ የፍቅር ወይም የወሲብ ወሬ ካመጣ፣ ብድር ከጠየቀ፣ ቢዝነስ ካቀረበ፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ ከነስሙ ካወራ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በራሱ ሥልጣን "ጣሉት" ካለ፣ ከቤተሰብ ሁሉ እንድትቆራረጡ ከገፋፋ ወይም እምነቱን ከጫነባችሁ ውጡ። ከታካሚ ጋር የሚደረግ የወሲብ ግንኙነት በሙያው ሥነ ምግባር ክልክል ነው። "ተስማምተን ነው" ማለት አያድነውም፣ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም። ፈቃድ ለሰጠው አካል ወይም ለሙያ ማኅበሩ አመልክቱ፣ ብቻችሁን ካልቻላችሁ ሰው ይዛችሁ።

ደረጃ 8፦ አልሆነም ካላችሁ ተናገሩ

በቴራፒ ላይ ብዙ የተመራመረው ማይክል ላምበርትና ሌሎችም እንደሚሉት ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እየባሰባቸው ይሄዳል፣ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን በጊዜ አለማየታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። "ካለፈው ወር ጀምሮ ለውጥ አላየሁም፣ እንዲያውም ብሶብኛል። ምን ብንቀይር ይሻላል?" በሉ። ጎበዝ ባለሙያ አይከፋውም። ዘዴ ይቀይራል፣ ሳይካትሪስት እንድታዩ ይልካችኋል፣ ወይም የሚሻላችሁን ሰው ስም ይሰጣችኋል። አንዳንዴ የቴራፒው ትልቁ ለውጥ የሚጀምረው ከዚህች ንግግር ነው፤ ብዙዎቻችን ለሰው ቅሬታችንን በፊቱ ነግረን ግንኙነቱ ሳይበጠስ ሲቀር አይተን አናውቅምና።

መድኃኒት ከተጀመረ ደግሞ ታገሡ። የድብርት መድኃኒት ጥቅሙ በደንብ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስሜታችሁ በድንገት ከከፋ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ የዚያኑ ዕለት ላዘዘው ሐኪም ንገሩ። ሳታማክሩ በድንገት አታቁሙ።

ሲሻላችሁ

የጻፋችኋትን ወረቀት አውጡና አንብቧት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃቱ ቀርቷል? ሥራ ቦታ ማውራት ይቻላል? መልሱ አዎ ከሆነ ስለ መጨረስ አንሡ። በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ቀጠሮውን ወደ 15 ቀን፣ ከዚያ ወደ ወር ማራቅ ይሻላል። በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታዩትን ምልክቶች ከቴራፒስታችሁ ጋር አብራችሁ ጻፉ፤ የእንቅልፍ መዛባት፣ ስልክ አለማንሳት፣ ከሰው መሸሽ፣ የእናንተ የትኛው እንደሆነ። ለቅርብ ሰዋችሁም አሳዩት፣ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ከመለያየታችሁ በፊት ተመልሳችሁ መምጣት ብትፈልጉ እንዴት እንደምታገኟቸው፣ ሌላ ባለሙያ ጋ ብትሄዱ ደግሞ የክትትል ማጠቃለያችሁን እንዴት እንደምትወስዱ ጠይቁ።